በጥቂት ገንዘብ ረጅም ፊልም ስለ መሥራት

ፊልም መሥራት የባለጸጎች አገር ሥራ ነው የሚል አሳብ በብዙ ሰው ዘንድ ሥር ሰዶ ይገኛል። እኛም ተማሪዎቹ አንድ መልካም ፊልም አይተን ባደነቅን ቁጥር፣ ይህን የሚያህል ሥራ የሚሠራው ብዙ ሚሊዮን ብር ያለው ኩባንያ ብቻ ነው ብለን እንተወዋለን። አሳቡ ጨርሶ ሐሰት አይደለም፤ በእርግጥም እጅግ ብዙ ገንዘብ የሚፈጁ ፊልሞች አሉ። ዳሩ ግን ገንዘቡ በምን ላይ እንደሚወጣ አንድ በአንድ ስንመረምር፣ ከወጪው ትልቁ ክፍል ቀን ለመግዛትና አስቀድሞ ያልታሰበበትን ነገር በኋላ ለማቃናት የሚውል ሆኖ እናገኘዋለን። እንግዲህ ገንዘብ የሌለው ሰው አስቀድሞ በማሰብ ሊከፍል ይችላል ማለት ነው። ይህንንም ከገዛ አገራችን በተገኘ አንድ ፊልም ለማስረዳት እንሞክራለን።

ረጅም ፊልም የምንለው የተፈጠረ ታሪክ ይዞ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቆየውን ነው። የአምስት ደቂቃ ፊልም ለመሥራት አንድ ከሰዓት በኋላና ትንሽ ድፍረት ይበቃል። የሰባ ደቂቃ ፊልም ግን ለብዙ ቀን ሰዎችን አንድ ላይ መያዝን ይጠይቃል፤ በዚያ ሁሉ ቀን ተዋናዩ እንዳይሰለች፣ ፀጉሩን እንዳይቆረጥ፣ ሰኞ የለበሰውን ሸሚዝ ሐሙስ እንዳይረሳ፣ ከሁሉም በላይ የሥራ ጓደኞች እርስ በርሳቸው እንዳይኳረፉ መጠበቅ ያስፈልጋል። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ፊልሙ ከመግባታችን በፊት የወሎን ነገር ማንሣት ግድ ይሆናል። ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ከጓዶቹ ጋር ወደ ወሎ መጥቶ ያነሣው «ያልታወቀው ረሃብ» የተባለ ፊልም፣ ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታየ። በዚህም ተሸሽጎ የነበረው ረሃብ በዓለም ታወቀ፤ ብዙ ርዳታም ተሰበሰበ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደርግ ይህንኑ ፊልም የቤተ መንግሥት ግብዣ ከሚያሳዩ ሥዕሎች ጋር አቀላቅሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው፤ በማግሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ። አንድ አጭር ፊልም ይህን ያህል ጉልበት ሊኖረው እንደሚችል ከወሎ ሕዝብ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ፊልሙ ያደረገው በጎ ነገር አይካድም። ነገር ግን በዚያ ፊልም የምናየው የወሎ ሰው የደከመና የተጨነቀ ነው፤ የሚናገርለትም ጋዜጠኛው ነው። ያ ሰው ከረሃቡ በፊት በሬ ጠምዶ ያርስ እንደ ነበረ፣ ከጎረቤቱ ጋር ይቀልድና ይጣላ እንደ ነበረ፣ ልጁን ድሮ እንደ ነበረ ከፊልሙ አይታወቅም። ይህን ለማሳየት ጥቂት ቀን የቆየ እንግዳ አይችልም፤ የቤቱን ነገር የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

በዚያው የለውጥ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1974፣ ኃይሌ ገሪማ የተባለ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ካሜራ ይዞ ወደ አገሩ መጣ። ኃይሌ የጎንደር ተወላጅ ነው። አባቱ አባ ገሪማ ታፈረ የቲያትር ደራሲ ነበሩ፤ ቲያትራቸውንም በየአገሩ እየተዘዋወሩ ያሳዩ ነበረ፤ ልጃቸውም በልጅነቱ ከእሳቸው ጋር መድረክ ላይ ወጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1967 ወደ አሜሪካ ሄዶ በቺካጎ የትወና ትምህርት ጀመረ፤ ቆየት ብሎም ወደ ሎስ አንጀለስ ተሻግሮ በካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ሥራ ተማረ። የመጣውም «ምርት 3000 ዓመት» የተባለውን ፊልም ለማንሣት ነው።

ታሪኩ የአንድ ጭሰኛ ቤተ ሰብ ታሪክ ነው። ጭሰኛ ማለት የሰው መሬት እያረሰ ከምርቱ ለባለ መሬቱ የሚከፍል ገበሬ እንደ ነበረ አያቶቻችን ያስታውሱታል። በፊልሙ ውስጥ ቤተ ሰቡ ከንጋት እስከ ምሽት ይለፋል፤ ሴት ልጃቸው ላም ለማዳን ስትል በጎርፍ ትወሰዳለች፤ መሬቱን የተነጠቀና ሰው ሁሉ እብድ የሚለው አንድ ሰው ደግሞ በመጨረሻ ባለ መሬቱን ይገድለዋል። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። ይህ ሁሉ የተነሣው በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው።

እስቲ ይህን በሒሳብ እንየው። 150 ደቂቃ ለ14 ቀን ሲካፈል በቀን ከ10 ደቂቃ በላይ ይደርሳል። በትልልቅ ኩባንያዎች ዘንድ ግን በአንድ ቀን ሁለትና ሦስት ደቂቃ የሚሆን የተጠናቀቀ ሥራ ማግኘት እንደ መልካም ቀን ይቈጠራል። ኃይሌ የተጠቀመበት ፊልም ባለ 16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ነበረ። በአንድ ሰኮንድ 24 ሥዕል ስለሚነሣ፣ የ16 ሚሊሜትር ፊልም በደቂቃ 36 ጫማ ይፈጃል፤ ለሲኒማ ቤት የተለመደው 35 ሚሊሜትር ግን በደቂቃ 90 ጫማ ይፈጃል። እንግዲህ ለ150 ደቂቃ በአንደኛው 5,400 ጫማ፣ በሁለተኛው 13,500 ጫማ ያስፈልጋል ማለት ነው። ባለ 400 ጫማ ጥቅል 11 ደቂቃ ያህል ይሠራል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ነገር አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያለ ምንም ስሕተት ቢነሣ እንኳ 14 ጥቅል ይፈጃል፤ ሦስት ሦስት ጊዜ ቢነሣ ደግሞ ከ40 ጥቅል ያልፋል። ጥቅሉ ሲገዛ ገንዘብ ነው፤ ሲታጠብ ገንዘብ ነው፤ ሲታተምም ገንዘብ ነው። ካሜራው በተንቀሳቀሰ ቍጥር ሳንቲም እንደሚፈስስ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ሳያስብ አያነሣም።

በዚህ ፍጥነት እንዴት ሊሠራ ቻለ? መልሱ በፊልሙ በራሱ ላይ ይታያል። አንደኛ ነገር፣ ተዋንያኑ በሙያው የሠለጠኑ አልነበሩም፤ ገበሬዎቹ ሲያርሱ፣ ሲያጭዱ፣ ከብት ሲነዱ የሚያሳዩት የየዕለት ሥራቸውን ነው። ዕርፍ መጨበጥን ማንም ሊያስተምራቸው አያስፈልግም። አንድ የከተማ ተዋናይ ሞፈር ይዞ ገበሬ ለመምሰል ሦስት ሳምንት ቢለማመድ እንኳ ወገቡ ያጋልጠዋል። ደግሞም ቦታው አንድ ነው፤ ቤቱ፣ እርሻው፣ ወንዙ፣ መንገዱ ተቀራርበው ስለሚገኙ ዕቃ ጭኖ በመመላለስ የሚጠፋ ቀን የለም። ካሜራውን የያዘው ኤሊየት ዴቪስ ብዙውን ጊዜ ከራቅ ብሎ ሳይቸኵል ይመለከታል፤ ሰዎቹም ከዳር እስከ ዳር ሲሄዱ አብሯቸው ይቆያል። በዚህ ዓይነት የተነሣ ሥዕል ከየአቅጣጫው እየቈራረጡ ከማንሣት ያነሰ ሰዓት ይወስዳል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ወንበሩ ነው። ባለ መሬቱ ደኅና ልብስ ለብሶ ወንበሩ ላይ ይቀመጥና የሚሠሩለትን ሰዎች ከላይ ሆኖ እየተመለከተ ይሰድባቸዋል፤ ያዝዛቸዋል። እርሱ ተቀምጧል፤ እነርሱ ቆመዋል፤ አጐንብሰዋልም። የመሬት ሥሪቱን ለማስረዳት አንድ ባለጸጋ ዳይሬክተር አዳራሽ አሠርቶ፣ መቶ አሽከር አሰልፎ፣ ፈረስ አስጭኖ ያነሣ ነበር። እዚህ ግን አንድ ወንበርና አንድ ከፍታ ቦታ በቅተዋል። ወንበሩን የሚያይ ልጅ ማን የማን ጌታ እንደ ሆነ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። በጥቂት ገንዘብ የሚሠራ ፊልም ጥበቡ ይህን የመሰለ ነገር መፈለግ ነው፤ የሚገኘውም በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ እንጂ ቀረጻው በሚካሄድበት ቀን ተቻኵሎ አይደለም።

«ሁለት ሳምንት» የሚለው ቃል ግን እንዳያታልለን። ፊልሙ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። እነዚያን 14 ቀናት ለመቈራረጥ፣ ለመቀጠልና ከድምፅ ጋር ለማስማማት ብዙ ወራት ተከትለዋቸዋል። ፊልሙ ዝግተኛ መሆኑንም መደበቅ አያስፈልግም። ሩጫና ተኩስ ለለመደ ተመልካች የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ይከብደዋል፤ ከክፍላችንም አንዳንዱ ሳይጨርሰው ይነሣ ይሆናል። ቢሆንም ፊልሙ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ የታወቀው ዳይሬክተር ማርቲን ስኮርሴዚ ባቋቋመው ድርጅት ርዳታ፣ በኢጣልያ በቦሎኛ ከተማ ታድሶ እንደ ገና ለዓለም ታይቷል። በዚያ ዘመን በብዙ ገንዘብ ተሠርተው ዛሬ ማንም የማያስታውሳቸው ፊልሞች ቍጥር ስፍር የላቸውም።

ከሌላው ዓለም ሁለት ምሳሌ ብቻ ልጨምር። ሕንዳዊው ሳትያጂት ራይ እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣውን «ፓተር ፓንቻሊ» የተባለውን የመጀመሪያ ፊልሙን ለመሥራት ሦስት ዓመት ያህል ወስዶበታል፤ የሙዚቃ ሸክላዎቹን ሸጧል፤ የሚስቱንም ጌጥ አስይዟል። በመጨረሻ የምዕራብ ቤንጋል መንግሥት ገንዘብ ሰጥቶት ሥራው ተፈጸመ። ሰውዬው ሥራው በተቋረጠባቸው ወራት የሚሠጋው በፊልሙ ያሉት ሕፃናት እንዳያድጉበትና አሮጊቷ እንዳይሞቱበት ነበረ። ይህ ለእኛ ቀልድ አይደለም፤ ዘንድሮ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሆኖ የጀመረ ተዋናይ በሚቀጥለው ዓመት ድምፁ ተለውጦ፣ ጢሙ አቈጥቍጦ ይመጣል። ሌላው ሮበርት ሮድሪጌዝ ነው። «ኤል ማሪያቺ» የተባለውን ፊልም በሜክሲኮ ድንበር በምትገኝ ትንሽ ከተማ በ7,000 ዶላር ያህል ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1992 አወጣው። የገንዘቡንም ክፍል ያገኘው ለመድኃኒት መሞከሪያ ራሱን አከራይቶ ነው፤ ይህን ማንም እንዳይከተለው! የሚከተሉት ሌላውን ዘዴውን ነው፤ ይኸውም ታሪኩን ከመጻፉ በፊት በነጻ ሊያገኝ የሚችለውን ነገር ሁሉ አሰበ፤ አውቶቡስ፣ ውሻ፣ ኤሊ፣ የጊታር ሣጥን፣ መጠጥ ቤት። ከዚያ በኋላ ታሪኩን በእነዚህ ዙሪያ ጻፈው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» የተሠራው በ1957 ዓ.ም. ገደማ በ35 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ ነበረ። በዚያ ዘመን አንድ ተማሪ ይህን ያስባል ማለት አውሮፕላን ልግዛ እንደ ማለት ነበረ። ዛሬ የፊልም ጥቅል የሚባለው ወጪ ቀርቷል። አሜሪካዊው ሾን ቤከር እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣውን ረጅም ፊልም በእጅ ስልክ አንሥቶታል። ሰባ ደቂቃ የሚሆነውን ፊልም ሦስት ሦስት ጊዜ ብናነሣው 210 ደቂቃ ይሆናል፤ በደቂቃ 150 ሜጋባይት ብንይዘው እንኳ 32 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ በአውራ ጣት ጥፍር ላይ የሚቀመጥ አንድ ካርድ ይበቃዋል። ነገር ግን በርካሽነቱ ምክንያት አዲስ በሽታ መጥቷል። ካርዱ ስለማያስከፍል ሰው ሳያስብ ያነሣል፤ አንዱን ነገር ሃያ ጊዜ ያነሣል፤ በኋላም ከሃያው የሚሻለውን ለመምረጥ ተቀምጦ ሳለ ክረምቱ ያልፍበታል። በእኔ አስተያየት ካርዱ እንደ 400 ጫማ ጥቅል ውድ ነው ብሎ መነሣት ይሻላል።

እንግዲህ በደሴና በኮምቦልቻ ምን አለን? ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በጦሳ ተራራ ሥር ትገኛለች፤ ኮምቦልቻ ከእርሷ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በአንድ ማለዳ በደሴ ጉም ውስጥ ጋቢ የተከናነበ ሰው አንሥተን፣ ረፋዱ ላይ በኮምቦልቻ ፀሐይ ላብ የሚጠርግ ሰው ማንሣት እንችላለን። ጉሙን ሰው ሠራሽ አድርገው የሚያመርቱ ኩባንያዎች በየሰዓቱ የሚከፍሉበት ነገር ነው፤ እኛ ግን በነጻ እንስለዋለን! የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ፣ የቦርከና ወንዝ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ በፈረቃ ሲገባና ሲወጣ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የባቲ የሰኞ ገበያ፣ ይህ ሁሉ ያለ ኪራይ የሚገኝ ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ ታሪክ ልሰንዝር። አባት በኮምቦልቻ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ይሠራል፤ ቤቱ ደሴ ነው። እርሱ ጧት ሲገባ ሴት ልጁ ወደ ትምህርት ቤት ትወጣለች፤ እርሷ ስትመለስ እርሱ ተኝቷል ወይም ለሥራ ተነሥቷል። የሚገናኙት በደጃፍ ላይ፣ ጫማ እስኪደረግ ባለው ጊዜ ብቻ ነው። ልጅቱ ለአባትዋ የምትነግረው ከባድ ጉዳይ አላት፤ ግን ቀን ሁሉ «ማታ ይደርሳል» እየተባለ ያልፋል። ይህን ለማንሣት አንድ ቤት፣ አንድ ደጃፍ፣ አንድ መንገድና አራት ያህል ተዋንያን ይበቃሉ። ደጃፉ እንደ ባለ መሬቱ ወንበር ብዙ ነገር ይናገራል ብዬ አምናለሁ።

የፊልም ድርሰት በተለመደው አጻጻፍ አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ያህል ስለሚሆን ሰባ ገጽ ይጻፋል፤ በ14 ቀን ለመጨረስ በቀን አምስት ገጽ ማንሣት ይገባል። ከኃይሌ ፍጥነት ግማሹን ያህል ማለት ነው። በደጃፉ የሚሆነው ነገር ሁሉ፣ የታሪኩ መጀመሪያም ሆነ መጨረሻ፣ በተከታታይ ቀን ቢነሣ ጊዜ ይተርፋል፤ ተዋናዩ ግን የትኛው ቀን ላይ እንዳለ እንዳይምታታበት አንድ ሰው ደብተር ይዞ ልብሱን፣ ቦርሳውን፣ የፀጉር አሠራሩን ይመዝግብ። ይህ ሥራ እንደ ትንሽ ይታያል እንጂ ከካሜራው ሥራ አያንስም።

ሥዕሉ ደኅና ሆኖ ፊልሙን የሚያበላሽ ድምፅ ነው። የደሴ ጎዳና ከረፈደ በኋላ የባጃጅ ነው፤ በክረምት ደግሞ የቆርቆሮ ጣሪያ የሰውን ንግግር ይውጠዋል። ስለዚህ ንግግር ያለበት ክፍል በበጋና በማለዳ ይነሣ። ካሜራው ሩቅ ከሆነ ሌላ ስልክ በተዋናዩ ደረት ኪስ ተደርጎ ድምፁን ለብቻው ይቅዳ። እያንዳንዱ ቀረጻ ሲጀመር አንድ ሰው በካሜራው ፊት አንድ ጊዜ ያጨብጭብ፤ እጆቹ የሚገናኙበት ሥዕልና «ጧ» የሚለው ድምፅ ሲገጣጠሙ፣ ለየብቻ የተቀዱት ሁለቱ ነገሮች እስከ መጨረሻው ይስማማሉ። በትልልቅ ፊልሞች የምናየው ጥቁርና ነጭ የተቀባ ማጨብጨቢያ እንጨት ሥራው ይኸው ነው። ለሙዚቃውም ቢሆን የሌላ ሰው የታተመ ዘፈን ያለ ፈቃድ ወስዶ ማስገባት አይገባም። አምባሰልና ባቲ የተባሉት ቅኝቶች ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ከወሎ ነው፤ አንድ መሰንቆ መቺ ለምኖ በጸጥታ ክፍል መቅዳት ይቻላል።

የማይቀረው ወጪ ምግብና ትራንስፖርት ነው። 12 ሰው ለ14 ቀን ምሳ ቢበላ 168 ምሳ ይሆናል። የተራበ ሠራተኛ ከሰባት ሰዓት በኋላ አይታዘዝም። ወላጆቻችን ይህን ቢያነቡልን፣ የእያንዳንዱ ተማሪ ቤት አንዳንድ ቀን ሽሮና እንጀራ ቢችል ከወጪው ትልቁ ሸክም ተቃለለ ማለት ነው።

ፈቃድ ደግሞ ከገንዘብ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። በፊልሙ የሚታይ ሰው ሁሉ መስማማቱን በጽሑፍ ይፈርም፤ ዕድሜው ካልደረሰም ወላጁ ይፈርምለት። በገበያ የተቀመጡ እማማን ከሩቅ ሰርቆ ማንሣት ቀላል ነው፤ ነገር ግን የወሎ ሰው ሳይጠየቅ ብዙ ጊዜ ተነሥቷል። እኛ ቀርበን፣ ጤና ይስጥልኝ ብለን፣ ምን እንደምንሠራ አስረድተን ብናነሣ፣ ያን ጊዜ እማማም የሚሉትን ይነግሩናል፤ ምናልባትም ከጻፍነው ድርሰት የተሻለ ይሆናል።

ተሠርቶ የሚያልቅ ፊልም የት ይታያል? ኃይሌ ገሪማ ስለ ባርነት የሚናገረውን «ሳንኮፋ» የተባለውን ፊልሙን እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣ ጊዜ የአሜሪካ አከፋፋዮች አልቀበል አሉት። እርሱና ባለቤቱ ግን ዝም ብለው አልተቀመጡም፤ በዋሽንግተን ሲኒማ ቤት ተከራይተው ራሳቸው አሳዩት፤ ሕዝቡም በየከተማው ተሰልፎ አየው። በኋላም በዚሁ ስም በዋሽንግተን የመጻሕፍትና የፊልም መደብር ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው «ጤዛ» ደግሞ በቬኒስ የፊልም በዓል የዳኞችን ልዩ ሽልማት አገኘ። ለእኛ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ አንድ የሥዕል መወርወሪያ መሣሪያና ነጭ አንሶላ ይበቃል። መግቢያው ጥቂት ብር ቢሆን ለሚቀጥለው ፊልም ምሳ ይሆናል።

ጊዜው ግን ይቸኵላል። በ1966 ዓ.ም. የዐሥር ዓመት ልጅ የነበረ የወሎ ሰው ዛሬ ስልሳ ዓመት አልፎታል፤ በዚያን ጊዜ ጎልማሳ የነበሩትማ ጥቂቶች ናቸው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በገባ ጊዜ የሆነውንም እኛው በዓይናችን ያየን አለን። የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት የሚውለው በበጋ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ቆርቆሮውም ዝም ይላል። እስከዚያ ድረስ የሚያስፈልገው ባለ ሃምሳ ገጽ ደብተር ሁለት፣ እርሳስና አያቶቻችን ዘንድ ቀርቦ የሚጠይቅ ሰው ነው።